በኧርቪንግ ኮረብታ ላይ

በዳላስ–ፎርት ዎርዝ አውሮፕላን ማረፊያ ታክሲ በነዳሁባቸው ዓመታት ያንን ግንብ ሳላየው የዋልኩበት ቀን ጥቂት ነው። መንገደኛ አሳፍሬ በ114 አውራ ጎዳና ወደ ዳላስ መሃል ከተማ ሳመራ፣ ኧርቪንግ ላይ በስተቀኝ፣ ከዛፎቹ በላይ አንገቱን አውጥቶ ይታየኛል። የመንገደኞቼ ዓይን ግን ከግንቡ ቀጥሎ ከሚመጣው ከቴክሳስ ስታዲየም ላይ ነበር። ከ1971 እስከ 2008 ዳላስ ካውቦይስ ይጫወትበት የነበረ፣ ጣሪያው መሃል ለመሃል ክፍት የሆነ ስታዲየም ነው፤ የአገሩ ሰው እግዚአብሔር የሚወደውን ቡድን ቁልቁል እንዲያይ የተተወ ቀዳዳ ነው እያለ ይቀልድበት ነበር። ስለ ስታዲየሙ ብዙ ተጠይቄ ብዙ መልሻለሁ። ስለ ግንቡ የጠየቀኝ አንድም ሰው አላስታውስም፤ እኔም ብሆን የውኃ ጋን ይመስለኝ ነበር።

በ1999 የበኩር ልጄ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቷን ስትጨርስ፣ የተቀበላትን ኮሌጅ ደብዳቤ እራት ላይ አነበበችልን። (በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ «ዓ.ም.» ካላልኩ በቀር፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) የዳላስ ዩኒቨርሲቲ ይላል። ስሙ ትልቅ ነው፤ ኋላ እንዳየሁት ግን በመጀመሪያ ዲግሪ የሚማሩት ተማሪዎቹ ከአንድ ሺህ እምብዛም የማይርቁ፣ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የሆነ ትንሽ ኮሌጅ ነው። ምን ልታጠኚ ነው ብላት ሥነ ጽሑፍ አለችኝ። በእኛ ማኅበረሰብ እንዲህ ያለ መልስ ሲሰማ ቤት ውስጥ የሚሆነውን አንባቢ ያውቀዋል። ፋርማሲ፣ ነርሲንግ፣ ኮምፒዩተር የሚባል ትምህርት እያለ፣ በብድር ገንዘብ፣ ያውም የሃይማኖታችን ወገን ባልሆነ ቤት፣ የጥንት ግጥም ሊነበብ! እናቷ ዝም አለች። እኔ ዝም አላልኩም። ሦስት ሳምንት ያህል ተኳርፈን ከቆየን በኋላ እሷ አሸነፈች፤ እኔም ገንዘቤን ለማን እንደምገብር ልወቅ ብዬ ወደ ከተማው ቤተ መጻሕፍት መመላለስ ጀመርኩ። ከዚህ በታች የምጽፈው በዚያ ንዴት የተጀመረ ፍለጋ ፍሬ ነው።

የመጀመሪያው ያልጠበቅኩት ነገር መሥራቾቹን በስም የማውቃቸው መሆኑ ነበር። ኮሌጁ በ1905 በዳላስ ከተማ፣ ኦክ ሎውን በሚባለው ሰፈር፣ ቅድስት ሥላሴ ኮሌጅ ተብሎ ሲከፈት ያቋቋሙት የቅዱስ ቪንሰንት ልጆች የሚባሉት፣ እኛ አገር ላዛሪስት በሚል ስም የሚታወቁት ካህናት ናቸው። የዚህ ማኅበር ሰው የነበረው ጣሊያናዊው ጁስቲኖ ዴ ያቆቢስ፣ አቡነ ያዕቆብ የሚባለው፣ በ1839 ዓድዋ ገብቷል፤ በ1840ዎቹም በአዲግራት አጠገብ ጓላ በምትባል ቦታ ለአገር ልጆች ትንሽ ትምህርት ቤት ከፍቷል። የጎጃሙ ሊቅ አባ ገብረ ሚካኤል ከእርሱ ጋር ተባብረው ሲያስተምሩ ቆይተው፣ በሃይማኖታቸው ምክንያት ታስረው በ1855 በሰንሰለት እንደታሰሩ አረፉ። ታሪኩ በእኛ በኦርቶዶክሳውያን ዘንድ በሌላ መልክ ይነገራል፤ ክርክሩን ለባለቤቶቹ ልተወው። እኔን ያስገረመኝ፣ ጓላ ላይ ደቀ መዛሙርት የሰበሰበው ማኅበር ከስልሳ ዓመት በኋላ በቴክሳስ ሜዳ ላይ የጥጥ ነጋዴዎችን ልጆች ሲሰበስብ ማግኘቴ ነው።

ቪንሰንታውያኑ በ1910 ቻርተር አወጡና ኮሌጃቸውን የዳላስ ዩኒቨርሲቲ አሉት። ስሙ ግን ዕድሜ አልሰጠውም። በ1928 የማኅበሩ የምዕራብ አውራጃ አለቃ ዘጋው፤ ሕንፃው ኋላ የኢየሱሳውያን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሆነ፤ ቻርተሩም ለዳላስ ሀገረ ስብከት ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ሃያ ስምንት ዓመት ዩኒቨርሲቲው መምህር የሌለው፣ ተማሪ የሌለው፣ ደወል የሌለው ወረቀት ብቻ ነበር።

ይህን ያነበብኩ ቀን ማታ ቤቴ ገብቼ የራሴን ወረቀት ከሳጥን አወጣሁ። በ1966 ዓ.ም. ስድስት ኪሎ ስገባ የተሰጠኝ፣ የንጉሠ ነገሥቱን ስም የተሸከመ የተማሪ መታወቂያ ነው። ያ ዓመት በአድማና በአብዮት ታምሶ አለቀ። በሚቀጥለው ዓመት ዩኒቨርሲቲው ተዘግቶ «እድገት በኅብረት» ዘመትን። ከዘመቻ በኋላ የመጣው ለብዙዎቻችን ትምህርት አልነበረም፤ ለእኔም እስር፣ ቀጥሎ ካርቱም፣ ከ1983 ጀምሮ ደግሞ ዳላስ ሆነ። ከገዳሪፍ ስንነሳ ብዙ ነገር ጥዬ ያንን መታወቂያ ለምን እንደያዝኩ አላውቅም።

ወደ ታሪኩ ልመለስ። የዳላሱን ወረቀት ከተኛበት ያነሡት ሴቶች ናቸው። ከቤልጅግ የመነጨው የናሙር ቅድስት ማርያም ማኅበር ደናግል በፎርት ዎርዝ የሁለት ዓመት ኮሌጅ ነበራቸው፤ አስፋፍተው ወደ ዳላስ ሊያዛውሩት አስበው በ1954 ቻርተሩን አገኙ። ከሁለት ምእመናን ነጋዴዎች ጋር ሆነው ወደ ጳጳሱ ቶማስ ጎርማን ቀረቡ፤ ጳጳሱም ሀገረ ስብከቱ ኃላፊነቱን እንዲወስድ ተስማሙና ኮሌጁ ወንድና ሴት ሳይል፣ ሃይማኖትና ዘር ሳይለይ እንደሚቀበል አስታወቁ። የዳላስ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ጥቁር ሕፃናትን ከነጮች ጋር ማስቀመጥ የጀመሩት በ1961 መሆኑን ላሰበ፣ ያ ቃል በዚያ ጊዜና በዚያ ቦታ ቀላል አልነበረም። በመስከረም 1956 ከዳላስ በስተሰሜን ምዕራብ፣ አንድ ሺህ ኤከር በሚሆን ኮረብታማ መሬት ላይ፣ በዘጠና ስድስት ተማሪዎች ተከፈተ።

ዘጠና ስድስት! የእኛም እንዲሁ ነበር የተጀመረው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1950 ሥራ ሲጀምር ከመቶ ያነሱ ተማሪዎች ነበሩት፤ ያቋቋሙትም በዶክተር ሉሲየን ማት የሚመሩ የካናዳ ኢየሱሳውያን ናቸው። ልዩነቱ፣ የእኛዎቹ ኢየሱሳውያን የክህነት ልብሳቸውን አውልቀው፣ ሃይማኖት ላይሰብኩ ቃል ገብተው፣ በመንግሥት ቤት በሱፍና በከረባት ያስተማሩ መሆናቸው ነው። ኮሌጁ ያፈራቸው ሊቃውንትና ያፈራቸው አመፀኞች በአንድ አዳራሽ የተቀመጡ ልጆች ናቸው።

የኧርቪንጉ ኮሌጅ መምህራን በልብሳቸው ነበሩ፤ ከእነርሱም መካከል ነጭ ቀሚስ ላይ ጥቁር ደርበው የሚታዩት የሃንጋሪ ሲታውያን መነኮሳት ናቸው። ስለ እነርሱ ትንሽ ረዘም አድርጌ ብጽፍ አንባቢ አይቆጣኝ፤ የዚህ ጽሑፍ ልብ እዚህ ነውና።

የሲታውያን ሥርዓት በመካከለኛው ዘመን ፈረንሳይ አገር የተጀመረ ነው፤ ዚርስ የሚባለው የሃንጋሪ ገዳማቸውም በ1182 ነው የተመሠረተው። በሃንጋሪ እነዚህ መነኮሳት በዋነኛነት መምህራን ነበሩ፤ በቡዳፔስትም በሌሎች ከተሞችም ስመ ጥር ትምህርት ቤቶች ነበሯቸው። በ1948 የኮሚኒስቱ መንግሥት ትምህርት ቤቶቹን ወረሰ። በ1950 ማኅበሩን ራሱን አፈረሰ፤ አበምኔቱ ቬንደል ኤንድሬዲ ተይዘው ተሠቃዩ፣ ተፈርዶባቸውም ታሰሩ። ወጣቶቹ ከፊሉ በድብቅ መማር ቀጠሉ፤ ከፊሉ በሌሊት ድንበር አቋርጠው ወደ ኦስትሪያ ወጡ። አሜሪካ የደረሱት በዊስኮንሲን ግዛት ተጠግተው ሥራ ሲፈልጉ፣ ጳጳስ ጎርማን ለሚከፍቱት ኮሌጅ መምህራን ይፈልጉ ነበር። ፈላጊና ተፈላጊ ተገናኙ ማለት ይህ ነው።

ኮሌጁ በተከፈተ በሁለተኛው ወር፣ ጥቅምት 23 ቀን 1956፣ የቡዳፔስት ተማሪዎች ሰልፍ ወጡ፤ ሰልፉም አብዮት ሆነ፤ የሶቪየት ታንኮች በኅዳር ወር ደመሰሱት። በዚያ ክረምት ድንበር ካቋረጡት አንዱ የሃያ ዓመቱ ዴኒስ ፋርካስፋልቪ ነው። ሮም ተምሮ በ1962 ዳላስ መጣ፤ መጽሐፍ ቅዱስን በማጥናት የታወቀ ሊቅ ሆነ፤ ከ1988 እስከ 2012 የዳላስ ገዳም አበምኔት ሆኖ ቆይቶ በ2020 ዐረፈ። ከእርሱ በፊት የመጣው ሉዊስ ሌካይ ደግሞ የሲታውያንን ታሪክ በእንግሊዝኛ የጻፈ፣ እስከ ዛሬም የሚጠቀስ የታሪክ ምሁር ነው። በ1962 የወንዶች ትምህርት ቤት ከፈቱ፤ በ1992 ደግሞ ሳይለሰልስ ከተፈለጠ የቴክሳስ ድንጋይ ቤተ ክርስቲያን ሠሩ። ገብቼ አይቻታለሁ። ትናንት የተሠራች አትመስልም፤ ድንጋዩን በእጄ ዳስሼ ላሊበላ ትዝ ብሎኝ ወጣሁ። በነገራችን ላይ፣ ሲታውያን በእኛም በኩል አሉ፤ በጣሊያን አገር በካዛማሪ ገዳም የሠለጠኑ የሐበሻ መነኮሳት በ1940 አሥመራ ላይ ገዳም አቁመዋል።

ስለ እነዚህ ሃንጋሪዎች ሳነብ አንድ ነገር አላስተኛኝም። እነርሱም እንደኛ ከኮሚኒስት አምልጠው የወጡ ናቸው፤ ቴክሳስ የመጡትም ወድደው አይደለም። እኛ ዳላስ የገባን ሰሞን ሻንጣችንን አልጋ ሥር አድርገን ነበር የምንተኛው፤ «ደርግ ሲወድቅ» የማይባልበት ቡና አልነበረም። ደርግ ወደቀ፤ ሻንጣው ከአልጋ ሥር ወደ ጋራዥ ተዛወረ እንጂ አልተፈታም። እነርሱ ግን ገና እንግሊዝኛው ሳይቃናላቸው የሰው አገር ልጅ ፊት ቆመው ፈረንሳይኛና ታሪክ፣ ሒሳብና ነገረ መለኮት ማስተማር ጀመሩ። የተዘጋባቸው ትምህርት ቤት በውስጣቸው ነበርና የትም ሊከፍቱት ይችላሉ። በ1989 የዚርስ በር ዳግም ሲከፈት የዳላሱ ገዳም በዳላስ ቀረ። ይህን ለወዳጆቼ ሳጫውት አንዱ ተቆጣኝ፦ «እነሱ ሚስት የላቸው፣ ልጅ የላቸው፤ ጳጳስ ጠርቶ መሬት ሰጥቷቸዋል። እኛን ማን ጠራን? እኛ ሌሊት ፓርኪንግ እየጠበቅን ነው ልጅ ያሳደግነው» አለኝ። እውነቱን ነው። የእርሱም እውነት የእነርሱን አያፈርሰውም።

ስለ ኮሌጁ አስተዳደር ባጭሩ ልለፍ። ከ1960 እስከ 1962 ፕሬዚዳንት የነበሩት ሮበርት ሞሪስ በአሜሪካ ሴኔት ኮሚኒስት አዳኝ ኮሚቴ ጠበቃ የነበሩ ሰው ናቸው፤ እንደኔ ማርክስን በሞስኮ እትም ያነበበ ሰው ልጁን በዚያ ቤት ሲያስተምር ታሪክ ፈገግ ማለቷ አይቀርም። ኮሌጁ ዛሬም ወግ አጥባቂ ነው፤ በብዙ ነገር አልስማማበትም። መልኩን የሰጡት ግን ሞሪስ አይደሉም፤ ከ1962 እስከ 1977 የመሩት የፊዚክስ ሊቁ ዶናልድ ካውንና ሥነ ጽሑፍ ያስተማሩት ባለቤታቸው ሉዊዝ ካውን ናቸው። በ1966 ከአየር መንገድ ባለቤቱ ከቶማስ ብራኒፍ ስም ጋር ከተያያዘ ድርጅት ሰባት ሚሊዮን ተኩል ዶላር ተሰጠ፤ እኔ የውኃ ጋን ያልኩት ግንብ የተሠራው በዚያ ገንዘብ ነው። አየር መንገዱ በ1982 ከሰረ። ግንቡ ደወሉን እየደወለ አለ።

ካውኖች ያጸኑት ሥርዓት ቀላል ነው፦ ኬሚስትሪ የሚያጠናውም ሆነ ሥዕል የሚያጠናው ተማሪ ሁሉ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አንድ ዓይነት መጻሕፍት ያነባል። ሆሜር፣ ቨርጂል፣ ዳንቴ፣ ሚልተን፣ ሜልቪል፣ ዶስቶየቭስኪ፤ ከዚያ ላይ ፍልስፍና፣ ታሪክ፣ መጽሐፍ ቅዱስ። ትምህርቱ ለምን ይጠቅማል ብዬ ስከራከር የከረምኩ ሰው፣ ጥቅሙን ያየሁት ምግብ ቤታቸው ውስጥ ነው። ልጄን ልጠይቅ ሄጄ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ስድስት ልጆች ስለ አኪለስ ቁጣ በአንድ አፍ ሲጨቃጨቁ አገኘሁ። አንዱ ባዮሎጂ፣ አንዷ ኢኮኖሚክስ አጥኚ ናት፤ መጽሐፉ ግን የሁሉም ነው። እንዲህ ያለ ጭቅጭቅ ከሰማሁ ሃያ አምስት ዓመት ሆኖኝ ነበር። ያን ጊዜ መጽሐፉ ሌላ ነበር፤ ጠረጴዛውም ስድስት ኪሎ ካፌ።

በመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት፣ ቅዳሜ ማታ ቤት መጥታ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ኢሊያድን ታነብ ነበር። ገና በመጀመሪያው ምዕራፍ ቀና ብላ፦ «አባዬ፣ አማልክቱ ሁሉ የሉም። ድግስ ተጠርተው ኢትዮጵያ ሄደዋል» አለችኝ። አልገባኝም ነበር፤ መጽሐፉን ወስጄ አየሁት። እውነትም ዜውስ አማልክቱን አስከትሎ ነውር የሌለባቸው ወደ ተባሉት ኢትዮጵያውያን ዘንድ ለግብዣ ሄዷል፤ እስከ አሥራ ሁለተኛው ቀንም አይመለስም። «እነዚህ እኛ ነን?» አለችኝ። የሆሜር ኢትዮጵያውያን ከግብፅ ወዲያ በዓለም ዳር የሚኖሩ ፊተ ጥቁር ሕዝቦች ሁሉ መሆናቸውን፣ ስሙንም እኛ በኋላ በመጽሐፍ ቅዱስ በኩል የራሳችን እንዳደረግነው እንደ ምሁር አብራራሁላት። በትዕግሥት ሰምታኝ፦ «ቢሆንም ለመምህሩ እኛ ነን እለዋለሁ» ብላ ማንበቧን ቀጠለች። ከዚያ ማታ በኋላ ፋርማሲ የሚለው ቃል በቤታችን አልተነሣም።

ሦስተኛ ዓመት ላይ የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ተማሪ ሁሉ የሚያልፍበት ፈተና አለ። አንድ ባለቅኔ ይመርጣል፤ መንፈቀ ዓመቱን ሙሉ ግጥሞቹንና ስለ እርሱ የተጻፈውን ሲያነብ ይከርማል፤ በመጨረሻ በመምህራን ፊት ብቻውን ተቀምጦ በቃል ይጠየቃል። ልጄ የመረጠችው ጄራርድ ማንሊ ሆፕኪንስን ነው፤ በ1889 የሞተ ኢየሱሳዊ ካህን፣ ግጥሞቹ በመጽሐፍ የታተሙት ከሞተ ከሃያ ዘጠኝ ዓመት በኋላ። የፈተናው ዋዜማ እንቅልፍ አጥታ ስታነበንብ አያቴ ትዝ አሉኝ። ዋሸራ ቅኔ ቤት፣ ደበሎ ለብሰው፣ አኩፋዳ ይዘው፣ በልመና እንጀራ ተምረዋል፤ ቅኔ ነገራ ላይ መምህራቸው ፊት ሲቀርቡ ጉልበታቸው ይንቀጠቀጥ እንደነበር እስከ እርጅናቸው ያወሩ ነበር። የልጅ ልጃቸው ልጅ ቴክሳስ ላይ ያው መንቀጥቀጥ ደረሳት። አለፈች።

ሁሉም ጥናት እንዳይመስል፦ ልጆቹ ይጫወታሉም። የካቲት ሁለት ቀን በአሜሪካ ግራውንድሆግ የምትባል በጉድጓድ የምትኖር እንስሳ ወጥታ ጥላዋን ካየች ክረምቱ ይራዘማል የሚባልበት ቀን ነው። ይህች የቀልድ ቀን በዚህ ኮሌጅ ትልቁ በዓል ናት፤ ከ1960ዎቹ ጀምሮ ተማሪው በብርድ ሌሊት ጫካ ውስጥ እሳት አንድዶ ይጨፍርባታል፤ የቀድሞ ተማሪዎችም ከሩቅ ከተማ ይመጡባታል። በመጸው ደግሞ የበጎ አድራጎት ሳምንት አላቸው፤ ገንዘብ የከፈለ ሰው ጓደኛውን ወይም መምህሩን ያሳስራል፣ ታሳሪውም ከፍሎ ይፈታል። ይህን ስትነግረኝ መሳቅ ነበረብኝ፤ ቶሎ አልመጣልኝም። እናቷን ደስ ያሰኛት የወንዶችና የሴቶች መኝታ ቤት የተለየ መሆኑና የመጠያየቂያ ሰዓት መወሰኑ ነው።

ትንሽ ኮሌጅ ሁሉ ግን አይኖርም። በፎርት ዎርዝ በ1981 በቅዱስ ቶማስ ሞር ስም የተቋቋመ፣ ከዚህኛውም እጅግ ያነሰ የካቶሊክ ኮሌጅ ነበር፤ እርሱም የጥንት መጻሕፍትን ለሁሉም ያስተምር ነበር። ስሙን ለውጦ፣ ቦታ ለውጦ፣ በ2014 ተዘጋ። ስታዲየሙም ሚያዝያ 11 ቀን 2010 በደማሚት ፈርሷል። በ2012 ባቡር መጣና በኮሌጁ ስም ጣቢያ ተሠራ።

ሁለተኛ ዓመት ላይ የሆነውን አስቀርቼዋለሁ። ኮሌጁ ከ1970 ጀምሮ አብዛኞቹን ተማሪዎቹን ለአንድ መንፈቀ ዓመት ሮም ይልካል፤ ከ1994 ወዲህም ከከተማው ውጭ፣ ዱዌ ሳንቲ በሚባል ቦታ፣ በጥንታዊው የአፒያ መንገድ አጠገብ የራሱ ግቢ አለው። ልጄ የሄደችው በ2001 ጸደይ ነው። ስትነሣ ሁለት አደራ ሰጠኋት። አንደኛው ከቫቲካን ውስጥ ያለችውን የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን እንድታይ ነው፤ ከግራኝ ጦርነት የተሰደዱት የደብረ ሊባኖሱ አባ ተስፋ ጽዮን በ1548 እና በ1549 የግዕዙን ሐዲስ ኪዳን ሮም ላይ ያሳተሙት እዚያ ተጠግተው ነው፤ በስደት ለምናሳትም ሁሉ የሩቅ አባት ናቸው። ሁለተኛውን አደራ አንባቢ ገምቶታል።

አንድ እሑድ ጠዋት ስልክ ተደወለ። ሮም ከሰዓት በኋላ ሆኗል። ከኋላዋ የመኪና ጩኸት ይሰማል። ፖርታ ካፔና አደባባይ፣ ከዓለም የእርሻ ድርጅት ሕንፃ ፊት ለፊት ቆማ ነው የምትደውለው። ሐውልቱ በዚያን ጊዜ ገና አልተመለሰም፤ ወደ አክሱም የተመለሰው በ2005 ነው፣ የተተከለውም በ2008።

«አባዬ፣ አየሁት። በጣም ረጅም ነው።»

«ሃያ አራት ሜትር ነው» አልኳት። ሌላ የምለው አጣሁ።

«ምን ተጽፎበታል? አንድ ፊደል አላገኘሁም።»

«አልተጻፈበትም። የቤት መልክ ነው ያለው፤ መስኮት በመስኮት ላይ። ከታች በር አለው፤ ፈልጊው።»

ዞር ስትል ሰማኋት። «አገኘሁት» አለች። «ቁልፍ ሳይቀር ተቀርጾበታል። ግን አይከፈትም እኮ፣ ድንጋይ ነው፤ ታዲያ ለምን…» ስትል የስልክ ካርዷ አለቀ።